የኮምፒውተሩ ተራ አስከባሪ፦ ኤድስገር ዳይክስትራ (1930–2002)

የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን የምንሮጠው ወደ ደራስያን፣ ወደ አርበኞችና ወደ ሯጮች ነው። ይህ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ዜና የምንተይብበት፣ ድምፅ የምንቆርጥበት፣ ፎቶ የምናስቀምጥበት ኮምፒውተር ውስጥ ሥራቸው በየሰከንዱ የሚሠራ፣ ስማቸው ግን በጋዜጣ ገጽ ላይ ብዙም የማይታይ ሰዎች አሉ። እኔም ለዚህ እትም ከእነሱ መካከል አንዱን፣ ሆላንዳዊውን ኤድስገር ዳይክስትራን መርጫለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ዳይክስትራን የሚያውቁት በአንድ ነገር ነው፤ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደውን አጭር መንገድ በሚያገኘው ቀመሩ። እሱንም አልፈዋለሁ ማለት አይደለም። ነገር ግን እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሌላ ሥራው ነው። ይኸውም ወረፋ የያዘን ጥያቄ እንዴት ማቆም፣ እንዴትስ ሳያምታቱ ማስቀጠል እንደሚቻል ያሳየበት ሥራ ነው።

የወረፋው ጣጣ

መጀመሪያ ጉዳዩን ግልጽ እናድርገው። አንድ ፋይል ሴቭ ስናደርግ ጽሑፉ ወዲያው ዘሎ ዲስኩ ላይ አይቀመጥም። የመጻፍ ጥያቄ ሆኖ ወረፋ ይይዛል። ከፊቱ የሌሎች ፕሮግራሞች የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎች ተሰልፈው ሊሆን ይችላል። ይህን ሰልፍ እየተቀበለ ወደ ዲስኩ የሚያሳልፈው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ያው ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ ሰው እየቆጠረ እንደሚያስገባው ተራ አስከባሪ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሰልፍ ለጊዜው ማቆም ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዲስኩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደ አዲስ ሲነሳ፣ ኮምፒውተሩ እንዲያንቀላፋ ሲደረግ፣ ወይም የማከማቻው አደረጃጀት ሲቀየር ጥያቄዎቹ መገታት አለባቸው። ማቆሙ ቀላል ይመስላል። ማስቀጠሉም እንደዚያው። ጣጣው የሚመጣው አቁም የሚሉት ክፍሎች ሁለት ሲሆኑ ነው። አንደኛው ሥራውን ጨርሶ ሰልፉን ቢለቀው ሁለተኛው ገና መሐል ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ባልተዘጋጀ ዲስክ ላይ ይፈሳሉ፤ መረጃም ሊበላሽ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ እያንዳንዱ ሌላው ያስቀጥለዋል ብሎ ከተወው ሰልፉ እስከ ወዲያኛው ቆሞ ይቀራል። ኮምፒውተሩም ደርቆ ያድራል።

ይህ ችግር የዛሬ ብቻ አይደለም። ዳይክስትራ ገና ወጣት ሳለ ፊት ለፊት ገጥሞታል፤ እንዲያውም አስፈርቶታል።

ከሕግ ወደ ፊዚክስ፣ ከፊዚክስ ወደ ኮምፒውተር

ዳይክስትራ የተወለደው በሜይ 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ከተማ ነው። አባቱ ኬሚስት ነበሩ፤ የሆላንድን የኬሚስቶች ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እናቱ የሒሳብ ምሁር ቢሆኑም ተቀጥረው አልሠሩም። ልጃቸው ግን ጥርት ያለ አስተሳሰብን የተማረው ከእናቱ እንደሆነ ይነገራል።

በወጣትነቱ ያሰበው ሌላ ነገር ነበር። ሕግ ተምሮ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመወከል ይፈልግ ነበር። በ1948 ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ሲጨርስ ግን ወደ ሳይንስ አዘነበለና ሌይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብና ፊዚክስ መማር ጀመረ። በ1951 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ሳምንት የፕሮግራሚንግ ትምህርት ወሰደ። በዚያ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በማርች 1952፣ አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል በትርፍ ሰዓት ተቀጠረ። በሆላንድ በፕሮግራመርነት የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ ይነገራል።

ሁለት ቤት ማደር ከብዶት ነበር፤ ፊዚክስ ወይስ ፕሮግራሚንግ? ፊዚክስ የታወቀና የተከበረ ሙያ ነው። ፕሮግራሚንግ ግን በዚያን ጊዜ ሙያ ስለመሆኑ እንኳን የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። ይህን ጭንቀቱን ለአለቃው ለአድሪያን ፋን ቬይንጋርደን አወያየ። አለቃውም ኮምፒውተር መጥቶ የሚሄድ ነገር እንዳልሆነ፣ ፕሮግራሚንግን ወግ ያለው ሙያ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ እሱ ሊሆን እንደሚችል አሳሰቡት። ዳይክስትራም ወሰነ። ውሳኔው ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አልገባም። በ1957 ሪያ ዴቤትስን ሲያገባ በጋብቻ ፎርሙ ላይ ሙያ የሚል ቦታ ነበር። ፕሮግራመር ብሎ ቢሞላ የአምስተርዳም ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልተቀበሉትም። በመጨረሻ የቲዎሪ ፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ተጻፈ። ሰውዬው በማይኖርበት ሙያ ተዳረ ማለት ነው።

ያ ዝነኛ የአጭር መንገድ ቀመርም የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጡ ተቀመጡ። እዚያው፣ ያለ ወረቀትና ያለ እስክሪብቶ፣ በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ አሰበው። ለሙከራ የተመረጡት 64 የሆላንድ ከተሞች ነበሩ። ጽሑፉ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1959 ነው።

ያስፈራው ማሽን

በሒሳብ ማዕከሉ የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነበር፤ ብራም ሎፕስትራና ካረል ስኾልተን ማሽኑን ይሠራሉ፣ ዳይክስትራ ፕሮግራሙን ይጽፋል። ኤክስ 1 የሚባለውን ኮምፒውተር ሲነድፉ ሁለቱ መሐንዲሶች አንድ አዲስ ሐሳብ አመጡ። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ለማተም ወይም ለማንበብ ሲያዝ የታዘዘው መሣሪያ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በአዲሱ ሐሳብ ግን ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል፤ መሣሪያው ሲጨርስ ምልክት ይልካል፤ ኮምፒውተሩም የያዘውን አቋርጦ መሣሪያውን ያስተናግድና ወዳቆመበት ይመለሳል።

ለእኛ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ዳይክስትራን ግን ስጋት ገባው። ምክንያቱም ምልክቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ፕሮግራሙ የትኛው መስመር ላይ እያለ እንደሚቋረጥም አይታወቅም። ዛሬ በትክክል የሠራ ፕሮግራም ነገ በአንዲት ቅጽበት ልዩነት ሊሳሳት ይችላል። ስህተቱን ልፈልገው ቢባል ደግሞ ያቺ ቅጽበት ተመልሳ አትመጣም። ለወራት ካመነታ በኋላ ተስማማ። የተቋረጠውን ሥራ ልክ እንዳልተቋረጠ አድርጎ የሚመልሰውን ፕሮግራም በጥንቃቄ ጻፈ። ከአውቶማቲክ ኮምፒውተር ጋር ስለመገናኘት የሚናገረው የዶክትሬት ጽሑፉም የወጣው ከዚሁ ሥራ ነው፤ በ1959 ለአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ አቀረበው።

በዚያው ሰሞን ከያፕ ዞነቬልድ ጋር ሆነው አልጎል 60 ለተባለው ቋንቋ ተርጓሚ ፕሮግራም ሠሩ። ሥራው እስኪያልቅ ጺማችንን አንላጭም ብለው ተማምለው ነበር አሉ። በኦገስት 1960 ጨረሱ። ዞነቬልድ ተላጨ፤ ዳይክስትራ ግን ጺሙን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ከማብሪያ ማጥፊያ ወደ ቁጥር

በ1962 አይንድሆቨን በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በወቅቱ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነበር። ብዙ ሥራዎች አንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ሲሄዱ እንዴት ሳይጋጩ ይጠባበቃሉ?

አስቸጋሪነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ፕሮግራም ከዲስኩ የሚጠብቀው ነገር መድረሱን ያያል፤ አልደረሰም። ስለዚህ ሊተኛ ይዘጋጃል። ልክ ከማየቱ በኋላና ከመተኛቱ በፊት ባለችው ቅጽበት ዲስኩ ጨርሻለሁ የሚል ምልክት ይልካል። የተኛ ስለሌለ የሚቀሰቀስ የለም፤ ምልክቱ ባክኖ ይቀራል። ከዚያ ፕሮግራሙ ይተኛል። ማን ይቀስቅሰው? ማንም። ቀስቃሹ መጥቶ ሄዷል እኮ!

የዳይክስትራ መልስ ሴማፎር ይባላል። ስሙ ለባቡር መንገድ ከሚያገለግለው የማቆሚያና የማሳለፊያ ምልክት የተወሰደ ነው። ሴማፎር ቁጥር ነው፤ በሁለት ሥራዎች ብቻ ይነካል። አንደኛው ቁጥሩን ይቀንሳል፤ የሚቀነስ ከሌለ ጠያቂው ወረፋ ይዞ ይተኛል። ሁለተኛው ቁጥሩን ይጨምራል፤ የተኛ ካለም አንዱ ይቀሰቀሳል። እነዚህን ሥራዎች ፒ እና ቪ ብሎ ሰየማቸው። ቪ ከፍ ማድረግ ከሚለው የሆላንድኛ ቃል የመጣች ስትሆን፣ ፒ ደግሞ እሱ ራሱ ከሆላንድኛ ገጣጥሞ ከፈጠረው ቃል የተወሰደች ናት። ዋናው ነገር ሁለቱም ሥራዎች መሐላቸው የማይገባባቸው መሆናቸው ነው። አንዱ ፒ ሲጀምር እስኪጨርስ ሌላው ያንን ቁጥር አይነካም።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ዲስኩ ቀድሞ ምልክት ቢልክ ምልክቱ አይባክንም፤ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ዘግይቶ ሲመጣ ቁጥሩን አግኝቶ ሳይተኛ ያልፋል። ማን ቀደመ ማን ዘገየ የሚለው ጥያቄ ዋጋ አጣ። እኔ እንደሚመስለኝ የሥራው ትልቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳይክስትራ ማንንም አላፈጠነም። ፍጥነትን ማመን ትቶ ትዝታን ለቁጥር ሰጠ።

እዚህ ላይ የሚመሰገን ሌላ ሰውም አለ። ሴማፎር ከዜሮና ከአንድ በላይ ሲቆጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየው ስኾልተን ነው፤ ይህንንም ዳይክስትራ ራሱ በጽሑፉ መስክሮለታል።

ከበሮውና ስድስቱ ደረጃዎች

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ዳይክስትራና ጥቂት ባልደረቦቹ ኤክስ 8 ለተባለው ኮምፒውተር ቲኤችኢ የተሰኘ ሥርዓት ሠሩ። ስሙ ከዩኒቨርሲቲው የሆላንድኛ ስም የተወሰደ ነው። ኮምፒውተሩ የነበረው ዋና ማህደረ ትውስታ 32 ሺህ ቃላት ሲሆን፣ ማከማቻው ደግሞ 512 ሺህ ቃላት የሚይዝ የሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ ነበር። የዛሬው ሃርድ ዲስክ አያት በሉት። ከበሮው አንዴ ለመዞር 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ዋናው ማህደረ ትውስታ አንድ ዙር የሚያደርገው ግን በ2.5 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ስታካፍሉት ከበሮው አንዴ እስኪዞር ማህደረ ትውስታው 16 ሺህ ጊዜ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ለከበሮው ሲባል ቁጭ ብለህ ጠብቅ ማለት እንግዲህ ትልቅ ብክነት ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱን ከ0 እስከ 5 በደረጃ በደረጃ ከፋፈሉት። ከታች ያለው ክፍል ኮምፒውተሩ ለማን ተራ እንደሚሰጥ ይወስናል። ከእሱ በላይ ያለው የከበሮው ተቆጣጣሪ ነው፤ በዛሬ ቋንቋ የማከማቻው ድራይቨር ልንለው እንችላለን። ከበሮው ጨርሻለሁ የሚል ምልክት ሲልክ ይህ ተቆጣጣሪ በሴማፎር ይነቃል፤ ሥራ ሲያጣ ይተኛል። ከላይ ያሉት ፕሮግራሞች መረጃቸው ከበሮው ላይ ይሁን ማህደረ ትውስታ ውስጥ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ይጠይቃሉ፣ ይቆማሉ፣ ሲደርስላቸው ይቀጥላሉ።

ፍተሻውም በደረጃ ነበር። የታችኛው ደረጃ በደንብ ሳይፈተሽ የላይኛው አይጨመርም። ዳይክስትራ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው በፍተሻው የተገኙት ጥቃቅን የአጻጻፍ ስህተቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በ500 ትእዛዝ አንድ ያህል ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተገኝተዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እነሱ አልቸኮሉም፤ ስለዚህም የሚለቅሙት ብዙ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1965 ለተማሪዎቹ አንድ የፈተና ጥያቄ ሰጥቶ ነበር። ጥያቄው የቴፕ ማከማቻ መሣሪያዎችን ስለሚሻሙ አምስት ኮምፒውተሮች ነው። ሁሉም አንድ አንድ መሣሪያ ይዘው ሁለተኛውን ቢጠብቁ ማንም አይለቅም፣ ማንም አይጨርስም። ይህ ጥያቄ ኋላ ላይ በቶኒ ሆር አማካይነት መልኩን ቀይሮ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ አምስት ፈላስፎች ታሪክ ሆነ፤ ዛሬም በመላው ዓለም ይሰጣል።

ራሱ ሲቆም

የሥራው መሳካት ግን ሰላም አልሰጠውም። አይንድሆቨን ያሉ የሒሳብ ባልደረቦቹ ሥራውን እንደ ሒሳብ አልቆጠሩትም። በዙሪያው ያሰባሰበው ቡድንም ተበተነ። በዚህ ጊዜ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያዘው። ከዚያ ለመውጣት የረዳው መጻፍ ነበር። ፕሮግራም እንዴት በሥርዓት መዋቀር እንዳለበት የሚያስረዳው የታወቀ ጽሑፉ የተወለደው በዚያ የጭንቀት ወቅት ነው። በ1972 የኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛው ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። በንግግሩም ፕሮግራመር የአእምሮውን ውስንነት አውቆ ትሑት እንዲሆን መከረ።

በ1973 በሮውስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ተመራማሪ ሆኖ ኑነን በምትባል መንደር ከቤቱ መሥራት ጀመረ። ከ1984 እስከ 1999 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይበልጥ የሚገርመው የጽሑፍ ልማዱ ይመስለኛል። ጽሑፎቹን በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሰይሞ በተራ ቁጥር ያስቀምጣቸው ነበር፤ ከ1,300 በላይ ደርሰዋል። ብዙዎቹን በብዕር፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ጻፋቸው። ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለጥቂት ሰዎች ይልካል፤ እነሱ ደግሞ አባዝተው ለሌሎች ያቀብላሉ። አሳታሚ ሳይኖረው፣ ማስታወቂያ ሳያስነግር፣ በየአገሩ ተነበበ። ኮምፒውተርን ወግ ያስያዘው ሰው ራሱ ለረጅም ጊዜ ኮምፒውተር ሳይጠቀም ኖሯል።

በጡረታ ወደ ኑነን ተመልሶ በኦገስት 6 ቀን 2002 በካንሰር አረፈ። 72 ዓመቱ ነበር።

ዛሬስ?

ሊነክስ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ የማከማቻ ጥያቄዎችን ወረፋ የሚያቆምና የሚያስቀጥል ክፍል አለ። ለዓመታት ይህ ማቆሚያ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነበር፤ ወይ ቆሟል ወይ ይሄዳል። ከላይ ያነሳነው የሁለት አስቋሚዎች ጣጣ እዚህም አለ፤ አንዱ ሲያስቆም ሌላውም ያስቆማል፣ ቀድሞ የጨረሰው ለሁለቱም ይለቀዋል። በ2021 ማብሪያ ማጥፊያው በቁጥር ተተካ። አንዱ ሲያስቆም ቁጥሩ 1 ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲጨምር 2። የመጀመሪያው ሲለቅ ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል እንጂ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ 0 ሲደርስ ብቻ ወረፋው ይቀጥላል።

ይህ ቁጥር ሴማፎሩ ራሱ ነው ማለቴ አይደለም፤ አሠራራቸው ይለያያል። መሠረቱ ግን አንድ ነው። ዳይክስትራ ካረፈ ከ19 ዓመት በኋላ፣ ኤክስ 8 እና ከበሮው ከተረሱ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ባለሙያዎች ለተመሳሳይ ጣጣ ወደ ተመሳሳይ መልስ ተመለሱ። ማን አስቆመ፣ ስንቱ አስቆመ፣ ስንቱስ ለቀቀ ብሎ የሚቆጥር ከሌለ ማስቀጠል የሚባል ነገር ዕድል ብቻ ነው። ዳይክስትራ ደግሞ በዕድል ላይ የቆመ ሥራ ሥራ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ጽሑፋችንን ሴቭ ብለን በማግስቱ እንዳለ ስናገኘው ከኋላው ይህን ሁሉ የሚቆጥር አለ ማለት ነው።